የጉና ድንች ወደ ጉና እንዲመለስ ስለመለመን

ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ለድንበር ተሻጋሪ ንግድ ማቀላጠፊያ የጋራ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና አስተባባሪ

ትናንት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ድንበር ላይ በሚገኘው የጋራ መፈተሻ ጣቢያ የቆመው የጉና ዘር ድንች ጭነት ለአምስተኛ ጊዜ ከተፈተሸ በኋላ በአዲስ ማኅተም ታሽጓል። ፈታሾቹ በሪፖርታቸው ላይ «ጭነቱ በቅሏል» የሚል ቃል አስፍረዋል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለጽሕፈት ቤትዎም የማይጠፋ መብራትና የማይቆራረጥ ኔትወርክ እመኛለሁ፤ የእነዚህ የሁለቱ መጥፋት ባለፉት ሳምንታት ከጽሕፈት ቤትዎ ለተሰጡን መልሶች ሁሉ ምክንያት እንደ ነበር በአክብሮት ተረድተናልና። በጉና ግርጌ ያሉትን የዘር ድንች አምራቾች ማኅበር አባላት የጠየቁ እንደ ሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናቸው። መሬታቸው ታርሶ፣ ተደጋግሞ፣ ለስልሶ ተቀምጧል። የጎደላቸው ዘሩ ብቻ ነው፤ እሱም በእጅዎ ነው።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ማኅበሩ በቀጥታ የላካቸው ደብዳቤዎች ወደሚመለከተው ክፍል መመራታቸውን፣ የሚመለከተው ክፍል ግን ገና በመደራጀት ላይ መሆኑን በትሕትና ስለ ተነገረው፣ ክፍሉ ተደራጅቶ እስኪያልቅ ድረስ ክቡርነትዎ ነገሩን ከቁርስ ጋር ቢያነቡት ይቀልዎታል ብለን ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ላስረዳ። ባለፈው የካቲት ክቡርነትዎ ደብረ ታቦር ድረስ መጥተው፣ ከጎረቤት አገር ከመጡ አቻዎችዎ ጋር በአዳራሽ ሰብስበውን ነበር። ከእንግዲህ የወጪ ንግድ ዕቃ የሚፈተሸው በተነሳበት ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ የጋራ ማኅተም ከተደረገበት በኋላ ማንም እንደማይከፍተው፣ አንዱ አገር የመረመረውን ሌላው አገር እንደሚቀበል፣ ጭነቱም በደረሰበት ቀን ድንበሩን እንደሚሻገር አስረዱን። በንግግርዎ መጨረሻ ላይ ከተደረደረው ናሙና አንዱን አንስተው «ይህ ድንች ከእንግዲህ ድንበር አያውቅም» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በስተኋላ ተቀምጣ የነበረችው የማኅበሩ አባል እቴነሽ ሙላቴ «ድንበሩስ እሱን ያውቀው ይሆን?» አለች፤ ሰው ሳቀ፤ ክቡርነትዎም አብረው እንደ ሳቁ አስታውሳለሁ። ያን ዕለት ጥያቄዋ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

በዚያ ቃል መሠረት ማኅበሩ ከጎረቤት አገር ገበሬዎች ጋር ተዋዋለ። ጉና ብርድ ስለ ሆነ ድንቹ በሽታ አያውቀውም፤ ሰዎቹ የፈለጉትም ለዚሁ ነው። የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ብቻ እየተመረጠ፣ ትልቁም ትንሹም እየተጣለ ሲለቀም የመኪናው ወለል አልሞላ አለ። ገዢዎቹ ደግሞ ጎዶሎ ጭነት አይቀበሉም። ስለዚህ አባላቱ ለራሳቸው ማሳ ያስቀመጡትን ዘር ከየመደርደሪያቸው አውርደው ጨመሩበት። መኪናው ደርሶ ሲመለስ ከተራራው ማዶ ካሉ ወገኖቻቸው ዘር ገዝተው ለመትከል ጊዜ እንደሚተርፋቸው አስበው ነበር። ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ የተሠራው በክቡርነትዎ ቃል ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

ጭነቱ በሚነሳበት ጧት የአጥቢያው አገልጋይ አባ ገብረኪዳን መስቀልና ጠበል ይዘው መጡ። በጉና ዘር ሳይባረክ ከቤት አይወጣም፤ ለገዛ ማሳም ሆነ ለሰው አገር ልማዱ አንድ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ጆንያው ተረጨ፣ ጎማው ተረጨ፣ ሾፌሩም ቀልቡ እንዲሰበሰብ ተብሎ ደኅና አድርጎ ተረጨ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ይሻው ጭነቱን ሊያስረክቡ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ተነሡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ፣ ክቡርነትዎ እንዳይሰለቹ፣ በምስጋና መልክ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማኅተሙ እናመሰግናለን። ጭነቱ ደብረ ታቦር ላይ በባለሙያዎችዎ ተፈትሾ የጋራው ማኅተም ተደርጎበታል። ድንበር ሲደርስ በእኛ በኩል ያሉት ፈታሾች ማኅተሙ በትክክል መደረጉን የማረጋገጥ ግዴታ ስላለባቸው፣ ማኅተሙን ሰብረው ከፈቱትና በትክክል ተደርጎ እንደ ነበር አረጋገጡ። ከዚያም የራሳቸውን አደረጉበት። በወዲያኛው በኩል ያሉት ወንድሞቻችን በወረቀቱ ላይ ያለው የማኅተም ቁጥርና በመኪናው በር ላይ ያለው አልገናኝ ስላላቸው፣ የእኛን ሰብረው እነሱም ፈተሹ። የጋራው ጣቢያ ኃላፊ በበኩላቸው፣ ሁለቱ ወገኖች በየግላቸው መፈተሻቸው የትብብሩን መንፈስ የሚጎዳ ሆኖ ስላገኙት፣ ሁለቱም ባሉበት በጋራ እንደገና እንዲፈተሽ አዘዙ። አንድ ፍተሻ ይበቃል ተብሎ በአዳራሹ ሲነገረን፣ ለእያንዳንዱ ፈታሽ አንድ ማለት መሆኑን ያልተረዳነው ከራሳችን ድክመት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጠበሉ እናመሰግናለን። በጋራው ፍተሻ ጊዜ ከፊት በተደረደሩት ጆንያዎች ላይ ውኃ ነክቶት የደረቀ ምልክት ታየ። በሚሞላው ቅጽ ላይ በጭነቱ ላይ ኬሚካል ወይም ሌላ ፈሳሽ ተረጭቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተራ ቁጥር አለ። አቶ ይሻው ሲጠየቁ «ጠበል ተረጭቷል» አሉ። ስሙን የማልጠቅሰው፣ እግዚአብሔር ግን የሚያውቀው አንድ የእኛው ወገን ወጣት ፈታሽ ግራና ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ፣ እሱን ይተዉት፤ የለም ብዬ ልጻፈው?» አላቸው። አቶ ይሻው ግን «ልጄ፣ ጠበሉን ክጄ ድንቹን ባሻግር ድንቹ ምን ይበጀኛል? ጻፍ እንጂ!» ብለው እንቢ አሉ። ተጻፈ። ልጁ እየጻፈ «አይ አባቴ፣ እርስዎም ድንችዎም እዚሁ ልትከርሙ ነው» ማለቱን አቶ ይሻው ራሳቸው ነግረውኛል፤ ከዚያ ወዲህ በጣቢያው ከተነገረው ሁሉ እስካሁን እውነት ሆኖ የተገኘው ይኸው የልጁ ቃል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የጋራ ጽሕፈት ቤትዎ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በላከው ደብዳቤ፣ የፈሳሹን አምራች ስም ከነፊርማው፣ ይዘቱን፣ የተመረተበትን ቀንና የአገልግሎት ማብቂያውን እንዲገለጽለት ጠይቋል። አባ ገብረኪዳን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብበው፣ ለማኅበሩ ጸሐፊ ለመሠረት እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ የአምራቹን ስም አውቀዋለሁ፤ ፊርማውን ግን ከየት አመጣላቸዋለሁ? የአገልግሎቱ ዘመን እንደ ጠጪው እምነት ነው ብለሽ ጻፊላቸው።» መሠረትም እንደ ታዘዘችው ጽፋ፣ በማኅተም አትማ ላከች። ከጽሕፈት ቤትዎ በመጣው መልስ፣ የቀረበው ማብራሪያ ያልተሟላ መሆኑ፣ በተለይም የአምራቹ ስልክ ቁጥር አለመሞላቱ ተገልጾልናል። ስለ ጥንቃቄው እያመሰገንን፣ ቁጥሩን ያገኘ አንባቢ ካለ ቶሎ እንዲያሳውቀን በዚህ አጋጣሚ እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ላብራቶሪው እናመሰግናለን። ከጆንያው ላይ የተወሰደው ናሙና በእኛ አገር ላብራቶሪ ተመርምሮ ውኃ መሆኑ ተረጋገጠ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ፣ የተገኘው ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። የጎረቤት አገር ባለሙያዎችም ውጤቱን እንደማይጠራጠሩ በወንድማዊ አነጋገር ነገሩን። ሆኖም የማን ላብራቶሪ ውጤት በማን እንደሚታመን የሚዘረዝረው የስምምነቱ አባሪ ገና አልተፈረመም። ስምምነቱ ተፈርሟል፤ አባሪው ቀርቷል። ስለዚህ እነሱም መመርመር አለባቸው። ለመመርመር ደግሞ ጆንያው ላይ ያለው ስለ ደረቀባቸው ዋናው ፈሳሽ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። አባ ገብረኪዳን በጀሪካን ሞልተው፣ አፉን በሰም አሽገው ላኩ። ጀሪካኑ ድንበር ሲደርስ እሱም ራሱን የቻለ ፈሳሽ ዕቃ በመሆኑ የመሻገሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል ተብሎ፣ ዛሬ ከመኪናው ጎን ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

አራተኛ፣ ጭነቱ በቆላው ፀሐይ እንዳይቀቀል በጣቢያው መጠለያ ሥር እንዲቆም ላቀረብነው ልመና፣ መጠለያው ለኃላፊዎች መኪና የተሠራ መሆኑን በጽሑፍ ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

አምስተኛ፣ ስለ መልሱ ፍጥነት እናመሰግናለን። ነገሩ እንደማይሆን የተረዱት አባላት፣ ይቅርብን፣ ድንቻችን ወደ ቤቱ ይመለስልን፣ ቢያንስ ከተረፈው ለቅመን ለራሳችን እንትከል ብለው አመለከቱ። የጽሕፈት ቤትዎ መልስ ግልጽና ፈጣን ነበር፤ እስካሁን ከደረሱን ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው። ጭነቱ በሰነድ ደረጃ ከአገር የወጣ ስለ ሆነ፣ ተመልሶ የሚገባው እንደ ማንኛውም ከውጭ እንደሚመጣ ዘር ነው፤ ስለሆነም የገቢ ዕቃ ፈቃድ፣ ከመጣበት አገር የተሰጠ የዕፀዋት ጤንነት ማስረጃና በለይቶ ማቆያ የመቆየት ግዴታ ይመለከተዋል። አባላቱ ይህን ሲሰሙ የመጣበት አገር የቱ እንደ ሆነ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ለጋራ ኮሚቴው መመራቱ ተነግሯቸዋል።

ክቡር ሆይ፣ በከተማ የምንኖር ሰዎች ድንች በቀለ ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ላይገባን ይችላል። ዘር ድንች መብቀሉ በራሱ ክፋት የለውም፤ ብርሃን በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ሲያወጣ ለተከላ ደረሰ ይባላል። በጆንያ ታፍኖ፣ በጨለማና በሙቀት የሚበቅለው ግን እንደ ክር ቀጭንና ነጭ ሆኖ ይረዝማል፤ ጆንያውን ሲያነሡት ይሰበራል፤ የተሰበረበት ድንች ሲተክሉት ይበሰብሳል። ትናንት በአምስተኛው ፍተሻ የተጻፈው ቃል ትርጉሙ ይህ ነው። አቶ ይሻው በስልክ ሲነግሩኝ፣ ቡቃያው በጆንያው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ በሩ ስንጥቅ፣ ወደ ብርሃኑ እየተሳበ እንደ ሆነ ገልጸውልኛል። ከጭነቱ አልለይም ብለው እስከ ዛሬ እዚያው መኪናው ሥር ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ መንደሩ ወጥቼ ነበር። እቴነሽ ከማሳዋ ዳር ቆማ አገኘኋት። አፈሩ ለስልሶ፣ ፈሩ ወጥቶ፣ ፍጉም በየቦታው ተከምሮ ይጠብቃል፤ ዝናቡም ጀምሯል። ማኅበሩ ውስጥ ያልገባው ጎረቤቷ አዳነ በቅሎውን እየነዳ ሲያልፍ «እቴነሽ! ድንችሽ ውጭ አገር ገብቶ ወረቀት አገኘ ወይስ ገና ካምፕ ነው?» ሲላት፣ «ወረቀትማ ከእሱ በላይ ማን አለው? የወረቀት ቁልል ሆኗል እኮ! የቸገረው መሬት ነው» ብላ መለሰችለት። አዳነ ስቆ ጥቂት ራመድ ካለ በኋላ ተመልሶ መጣና፣ ድምፁን ለውጦ፣ የእሱ ተተክሎ ባያልቅ ኖሮ እንደሚያካፍላት ማለላት። ከተራራው ማዶ ያሉትም ዘራቸውን ሸጠውና ተክለው ጨርሰዋል።

እሱ ከሄደ በኋላ የነገረችኝን በራሷ ቃል አስቀምጠዋለሁ፦ «ገብሱ የሚደርሰው ኅዳር ነው። መስከረምንና ጥቅምትን የሚያሻግረን ድንቹ ነበር። እኔ ሳልበላ አውቃለሁ፤ ልጆቹን ግን ምን እላቸዋለሁ? ዘራችሁን ለእንግዳ መርጬ ሰጠሁት፣ እንግዳውም ሳይቀምሰው ቀረ ልበላቸው?» ጥያቄው ለጽሕፈት ቤትዎ የቀረበ ስለ ሆነ፣ በአደራ አድርሻለሁ።

በድንበር ማዶ ያሉት ገዢዎችም ከእኛ በተሻለ ሁኔታ ላይ እንዳሉ እንዳይመስልዎ። የእነሱም ማሳ ታርሶ ክፍቱን ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየደወሉ መሠረትን በተሰባበረ አማርኛ «እኅት፣ ድንች?» ይሏታል፤ እሷም «ወንድም፣ ኮሚቴ» ትላቸዋለች። የሁለቱ አገሮች ገበሬዎች እስካሁን ያለ ምንም አባሪ የተግባቡበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ትብብሩን የተቃወምን እንዳይመስልብን። ድሮ በነበረው አሠራር እያንዳንዱ አገር ለብቻው ይፈትሽ፣ ለብቻውም ያዘገይ ነበር። ያን ጊዜ የሚወቀሰው አንድ ሹም ስለ ነበር፣ ደጅ የሚጠናውም አንድ በር ነበር። አሁን ሁለቱ አገሮች ተባብረው አብረው ማዘግየት ችለዋል፤ ወደዚያ ስንሄድ ጉዳዩ ወዲህ ነው፣ ወዲህ ስንመጣ ወዲያ ነው። ገበሬው ከጉባኤው የተረዳው ግን አንዱ ያየውን ሌላው ያምናል የሚለውን ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ቢያስቀሩትና ይህችን አንዲት ቃል ቢያቆሟት፣ ጭነቱ ማኅተሙ ሳይሰበር ባለፈ፣ ሳጥን ሙሉ ወረቀትም ባልተጻፈ ነበር። አሁንም ቢሆን ለማመን ላብራቶሪ አያስፈልግም።

ስለዚህ የምንለምነው አጭር ነው። ጭነቱ ይሻገር፤ መሻገር ካልሆነለትም ዛሬውኑ ይመለስ። ይህንንም የምንለምነው ከጆንያው መካከል ሙቀቱ ያላገኘው ጥቂት ዘር ይኖራል ብለን ስለምናምን ነው፤ እቴነሽ ግማሹን ማሳዋን እንኳ ብትሸፍንበት ጥቅምት ላይ ለልጆቿ የምትለው አይጠፋም።

የክቡርነትዎን ፊርማ ከብዙ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ትዕግሥት የምንጠባበቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ንግዱን ከዚህ በላይ እንዳያቀላጥፍልን አጥብቀን የምንጸልይ፣ ለከፈቱልን በሮች ሁሉ፣ በተለይም ለመኪናው በር፣ ምስጋናችን የበዛ፣

በማኅበሩ አባላት ጥያቄ
ዳኛቸው ፈንታሁን
ከደብረ ታቦር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳለሁ ከጽሕፈት ቤትዎ ለማኅበሩ የተላከ ጥሪ ደረሰን። የጋራ ኮሚቴው በሚያካሂደው ስብሰባ ላይ የጉና ዘር ድንች ለአንድ ጊዜ ፍተሻ አሠራር እንደ መልካም ተሞክሮ እንደሚቀርብ፣ ለዐውደ ርእዩም ማኅበሩ ያማረ ናሙና ይዞ እንዲገኝ ተጠይቋል። ማኅበሩ ስለ ክብሩ እያመሰገነ፣ በእጁ አንድም ዘር ስለሌለ ናሙናውን ከመኪናው እንዲወስዱ፣ ማኅተሙንም ለመስበር ስድስተኛ ፈቃድ እንዳይጠብቁ ይመክራል። በአጀንዳው የመጨረሻ ተራ ቁጥር ላይ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር፣ ጭነቱ ይሻገር፣ ይመለስ ወይስ ይቃጠል የሚለው ሐሳብ ለውሳኔ ተይዟል። ስብሰባው የተጠራው በጉና ግርጌ የድንች ተከላ በሚያበቃበት ዕለት፣ ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ የሚካኤል ቀን ነው።